ፋይበሩ ጠንክሯል፤ አሟሚውስ? የ«አዮንሴል-ኤፍ» ጥናት ሂሳዊ ዳሰሳ

እ.ኤ.አ. በ2015 «ኖርዲክ ፐልፕ ኤንድ ፔፐር ሪሰርች ጆርናል» በተባለው የሙያ መጽሔት ላይ ስምንት ተመራማሪዎች በጋራ የፈረሙበት ጥናት ወጣ። ርዕሱ በአማርኛ «አዮንሴል-ኤፍ፦ ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ዳግም የተሠራ የሴሉሎስ ፋይበር» ማለት ነው። ሥራውን የመሩት በፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኸርበርት ሲክስታ ናቸው። ከአጋሮቻቸው መካከል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ኢልካ ኪልፔላይነን እና የአልቶው ሚካኤል ሁሜል ይገኙበታል። ጥናቱ የእንጨት ሴሉሎስን በአዮናዊ ፈሳሽ አሟሙቶ በውሃ ውስጥ መልሶ ፋይበር ስለማድረግ ያወራል። ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም የዘርፉ ሰዎች ዛሬም ደጋግመው ይጠቅሱታል። በእኔ እምነት የቆመበት መሠረት ጠንካራ ነው፣ ዘዴው አስተማሪ ነው፣ ውጤቱም የሚያኮራ ነው። ሆኖም ፋብሪካን የሚያቆመውን ወይም የሚጥለውን ጥያቄ ከመድረኩ ጥግ አስቀምጦታል። ይህ ዳሰሳ ሁለቱንም ይመዝናል።

የጥናቱን ዋጋ ለማወቅ በመጀመሪያ ችግሩን ማወቅ ይገባል። ፖሊስተርና ናይለን በሙቀት ይቀልጣሉ፤ ስለዚህ አቅልጦ በቀዳዳ አሾልኮ ፋይበር ማድረግ ይቻላል። ሴሉሎስ ግን አይቀልጥም። ሙቀት ሲበዛበት ይከስላል፣ ይቃጠላል። ረጃጅም ሞለኪውሎቹ በሃይድሮጂን ትስስር እርስ በርስ ተቆላልፈው ስለተያዙ በውሃም፣ በአልኮልም፣ በተለመዱት አሟሚዎችም አይፈቱም። ከእንጨት ጨርቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ቁልፍ የሚፈታ ፈሳሽ ማግኘት አለበት፤ ከፈታ በኋላም ሴሉሎሱን ሳይጎዳ ወደ ጠጣርነት መመለስ ይጠበቅበታል።

የመጀመሪያው የተሳካ የኢንዱስትሪ መልስ ቪስኮስ ነው። ክሮስ፣ ቤቫን እና ቢድል የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1892 ፓተንት ያወጡበት ይህ ሂደት ሴሉሎስን በኮስቲክ ሶዳ ያርስና በካርቦን ዳይሰልፋይድ ለጊዜው ወደ ሌላ ውህድ ይለውጠዋል። ቀጥሎም በሰልፈሪክ አሲድ ገንዳ ውስጥ መልሶ ሴሉሎስ ያደርገዋል። ጨርቁ ለስላሳ ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም። ዋጋውን የከፈሉት ሠራተኞች ናቸው። ካርቦን ዳይሰልፋይድ ነርቭን ይመርዛል፣ አእምሮን ያውካል፣ ልብን ይጎዳል። ሐኪሙና ተመራማሪው ፖል ብላንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን የጉዳት ታሪክ ብቻ የሚተርክ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። እንግዲህ ቪስኮስን የሚተካ ሂደት መፈለግ የምሁራን የጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን የሰው ጤና ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው መልስ ላዮሴል ሆነ። «ቴንሰል» በሚለው የንግድ ስም የምናውቀው ፋይበር የተገኘው ኤንኤምኤምኦ በሚባል አሟሚ ነው። እዚህ ሴሉሎሱ በቀጥታ ይሟሟል፤ ሌላ ውህድ መሆን አያስፈልገውም። አሟሚውም ከ99 በመቶ በላይ ተመልሶ ይሰበሰባል። ጉድለቱ ሙቀት ላይ ነው። ኤንኤምኤምኦ ሲሞቅ የመበታተን ጠባይ አለው፤ በብረት ብናኝ ወይም በሌላ ቆሻሻ ሲበከል ደግሞ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ፣ እስከ ፍንዳታ የሚያደርስ መፍላት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ማረጋጊያ ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ፋብሪካውም በብርቱ ጥንቃቄ ይሠራል። አዮንሴል ላዮሴል በከፈተው በር የገባ ሥራ ነው፤ ሊያሻሽል የፈለገውም ይኸው አሟሚው ያለበትን ድክመት ነው።

አዮናዊ ፈሳሽ ማለት በአነስተኛ ሙቀት፣ አንዳንዱም በክፍል ሙቀት፣ ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ጨው ነው። ሐሳቡ ከሚታሰበው በላይ የቆየ ነው። ቻርልስ ግሬናኸር በፒሪዲኒየም ጨው ሴሉሎስን ማሟሟት እንደሚቻል ፓተንት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1934 ቢሆንም ያን ጊዜ ልብ ያለው አልነበረም። ነገሩን ዳግም ያነሣው በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በሮቢን ሮጀርስ የሚመራው ቡድን ነው። ይህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ሁለት ገጽ ጽሑፍ ኢሚዳዞሊየም ክሎራይድ የተባለ ጨው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 10 በመቶ፣ በማይክሮዌቭ ሲሞቅ ደግሞ እስከ 25 በመቶ ሴሉሎስ እንደሚያሟሟ አሳየ። ውሃ ሲጨመርበት ሴሉሎሱ ተመልሶ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ የምርምር ጎርፍ ተከተለ፣ ሮጀርስም እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካን የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ፕሬዚዳንታዊ ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን ማሟሟት አንድ ነገር ነው፣ መፍተል ሌላ። ክሎራይድ ብረትን ይበላል፣ በሙቀትም ሴሉሎሱን ይቆራርጣል። አሲቴት ያለባቸው ኢሚዳዞሊየሞች ደግሞ በደንብ ያሟሙ እንጂ በአየር ክፍተት ሲሳቡ በቀላሉ የሚበጠስ ፈሳሽ ይሰጣሉ።

የሲክስታ ቡድን የመረጠው ከነዚህ የተለየ ነው። ዲቢኤን የተባለ ብርቱ ቤዝ ከኮምጣጤ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ዲቢኤን አሲቴት የተባለ አዮናዊ ፈሳሽ ይሆናል። አሲቴቱ የሴሉሎሱን የሃይድሮጂን ትስስር ይፈታል፤ ሌላው ወገን፣ ማለትም ዲቢኤኑ፣ ለፈሳሹ ተስማሚ ውፍረትና ዝልግልግነት ይሰጠዋል። ጥናቱ ሴሉሎስን በ13 በመቶ ገደማ አሟሙቶ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይፈትላል። ይህ ኤንኤምኤምኦ ከሚፈልገው በግልጽ ያነሰ ነው፤ ሴሉሎሱም አሟሚውም ከሙቀት ጉዳት ይጠበቃሉ። የምርጫው መንገድ በራሱ ያስደንቃል። ቡድኑ በቅድሚያ የጠየቀው «ምን ያህል ያሟሟል?» ብሎ አይደለም። «የሟሟው ፈሳሽ ሲሳብ እንዴት ይሆናል? ምን ያህል እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ምን ያህልስ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል?» ብሎ ነው። የፈሳሹን ጠባይ በመለኪያ አንብቦ የመፍተያውን ሙቀት መወሰን የዚህ ቡድን ትልቁ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ ሥራዎች የማሟሟት መቶኛን እንደ ውጤት ቆጥረው ያቆሙ ነበር።

የመፍተሉ ሥራ በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። የሞቀው ዝልግልግ ፈሳሽ ስፋታቸው የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ገደማ በሆኑ ቀዳዳዎች በኩል ተገፍቶ ይወጣል። ቀጥታ ወደ ውሃ አይገባም፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የአየር ክፍተት አቋርጦ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠልቃል። ከታች የሚጠቀልለው ተሽከርካሪ ከቀዳዳው ከሚወጣው ፍጥነት ብዙ እጥፍ ስለሚፈጥን ፈሳሹ በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይሳባል፣ ይቀጥናል። ይህን ጥጥ ስትፈትል የኖረች እናት በደንብ ታውቀዋለች፤ ባዘቶውን በልኩ ስትስበው እኩል ክር ይወጣል፣ ስትቸኩል ይበጠሳል፣ ስትዘገይ ይጓጉላል። ልዩነቱ እዚህ የሚሳበው ሞለኪውል መሆኑ ነው። የሴሉሎስ ሰንሰለቶች በሚሳቡበት አቅጣጫ ይደረደራሉ። ውሃው ዘንድ ሲደርሱ አሟሚው ወደ ውሃው ይሸሻል፣ ሰንሰለቶቹም በተደረደሩበት መልክ እርስ በርስ ተያይዘው ይጠጥራሉ። የፋይበሩ ጥንካሬ የሚወሰነው በዚህች አንዲት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው።

ውጤቱ ርዕሱን አያሳፍርም። የአዮንሴል ፋይበር በደረቁ 50 ሴንቲኒውተን በቴክስ (የፋይበር ጥንካሬ መለኪያ) አካባቢ ይቋቋማል። የተለመደ ቪስኮስ ከ20 እስከ 25፣ ላዮሴል ደግሞ እስከ 40 ገደማ ነው። ለልብስ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን የእርጥብ ጥንካሬው ነው። ቪስኮስ በውሃ ሲርስ ጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል፤ ይህ ፋይበር አብዛኛውን ይዞ ይቆያል። ብዙ ጊዜ ለሚታጠብ ልብስ ይህ ልዩነት ከየትኛውም የላቦራቶሪ ሪከርድ ይበልጣል።

ደራሲዎቹ በአንድ ነጠላ ፋይበር መለኪያ ላይ አለመቆማቸውም ሊመሰገንላቸው ይገባል። ፋይበሩን ቆራርጠው፣ በተለመደው የቀለበት መፍተያ ሁለት ድርብ ክር አድርገው፣ ከዚያም ሹራብ ሠርተው፣ በሽመና ማሽን ሸምነው አሳይተዋል። በአሟሚ ኬሚስትሪ ዓለም ብዙ ጥናቶች አንዲት ጭረት ፈትለው በማይክሮስኮፕ ፎቶ ያጌጡና ያበቃሉ። አንድ ፋይበር ግን ፋይበር ነኝ የሚለው መበጠሪያውን፣ የመፍተያ ቀለበቱን፣ የሽመናውን ጫና አልፎ ሲወጣ ነው። በዚህ ረገድ ይህ ሥራ ከኬሚስቱ ጠረጴዛ እስከ ሸማኔው መቀመጫ ያለውን መንገድ ሁሉ ስለተጓዘ ለዘርፉ አዲስ መመዘኛ አበጅቷል። የፊንላንድ ፕሬዚዳንት ባለቤት የነበሩት ጄኒ ሃውኪዮ እ.ኤ.አ. በ2018 የነጻነት ቀን ግብዣ ላይ ከበርች ዛፍ በተሠራ የአዮንሴል ጨርቅ የተሰፋ ቀሚስ ለብሰው መቅረባቸውም የዚህ መንገድ ውጤት ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የጥናቱ ዓይን ከፋይበሩ አይነቀልም። ሂደቱን የሚያዋጣ ወይም የማያዋጣ የሚያደርገው ግን አሟሚው ነው። ቀላል ስሌት እንሥራ። 13 በመቶ ሴሉሎስ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ፋይበር 6.7 ኪሎ ገደማ አሟሚ ይዞራል። ከዚህ 95 በመቶው ቢመለስ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ኪሎ ፋይበር 335 ግራም አሟሚ ይጠፋል ማለት ነው። በዓመት 10,000 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ በዚህ ልክ 3,350 ቶን ኬሚካል በየዓመቱ እየገዛ ይጥላል። መመለሻው ወደ 99.5 በመቶ ካደገ ኪሳራው ወደ 335 ቶን ይወርዳል። በላቦራቶሪ ሪፖርት «95» እና «99.5» ጎረቤት ቁጥሮች ናቸው፤ በፋብሪካ ሂሳብ ግን አሥር እጥፍ ይለያያሉ። ዲቢኤንን የመሰለ ቤዝ ደግሞ እንደ ጨው ወይም እንደ ሶዳ ርካሽ አይደለም።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበው የጉዳዩ እምብርት ነው። ሂደቱ ያለ ውሃ አይሆንም፤ ሴሉሎሱን ወደ ፋይበርነት የሚመልሰው ውሃ ነው። ያው ውሃ ግን ሙቀት ባለበት ዲቢኤንን ቀስ በቀስ ሰብሮ ወደ ሌላ ውህድ ይለውጠዋል። አሟሚውን ለመመለስ ከገንዳው ውሃውን ማትነን የግድ ነው፤ ማትነን ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። እንግዲህ ፋይበሩን የሚያስገኘው ውሃ አሟሚውን ይጎዳል፤ አሟሚውን ለማዳን የሚደረገው ማሞቅም ጉዳቱን ያፋጥናል። የተሰበረው ክፍል በዑደት ላይ ዑደት ሲከማች የፈሳሹ የማሟሟት አቅም ይወርዳል፣ የመፍተል ጠባዩም ይለወጣል። የ2015ቱ ጥናት ይህን ተቃርኖ የክርክሩ ማዕከል አላደረገውም። በዚያው ዓመት የሄልሲንኪ ተመራማሪዎች በዲቢኤን አዮናዊ ፈሳሾች መልሶ አጠቃቀም ላይ ለብቻው ጥናት ማሳተማቸው ጥያቄው ያን ጊዜም በሰዎቹ ጠረጴዛ ላይ እንደነበረ ያሳያል። ሁለቱ በአንድ ላይ ቢነበቡ አንባቢው ስለ ፋይበሩ በደስታ፣ ስለ አሟሚው በጥንቃቄ ያስብ ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታ ከጥንካሬ አምልኮ ጋር ይያያዛል። ሞለኪውሎቹ በአንድ አቅጣጫ በጣም ሲደረደሩ ጥንካሬ ያድጋል፣ የመለጠጥ አቅም ግን ይቀንሳል። የዚህ ፋይበር የመለጠጥ አቅም ከመበጠሱ በፊት 10 በመቶ አካባቢ ነው፤ ቪስኮስ ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። በዚህ መንገድ የሚሠሩ ፋይበሮች በእርጥበት ሲታሹ ላያቸው በጥቃቅን ጭረቶች የመሰንጠቅ ጠባይም አላቸው፤ ከላዮሴል ታሪክ የምናውቀው ችግር ነው። ይህ ለአንዳንድ ጨርቅ ውበት፣ ለሌላው ጉዳት ነው። ለገመድ፣ ለፋብሪካ ቀበቶ፣ ለማጠናከሪያ ቁሳቁስ ከፍተኛ ጥንካሬ ዋና መመዘኛ ሊሆን ይችላል። ለሸሚዝና ለቀሚስ ግን ልስላሴ፣ መለጠጥ፣ ቀለም መቀበልና መታሸትን መቋቋም እኩል ድምፅ አላቸው። ርዕሱ ጥንካሬን ከፊት ማስቀመጡ ለሳይንሳዊ ንጽጽር ይመቻል፤ የልብስ ገዢው ጥያቄ ግን ከዚያ ይሰፋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ልኬት ነው። ሙከራው የተሠራበት የመፍተያ ሳህን የላቦራቶሪ ነው፤ በፋብሪካ ደረጃ አንድ መፍተያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። ቀዳዳ ሲበዛ የአየር ክፍተቱ ሙቀትና እርጥበት ከዳር እስከ መሃል አንድ አይሆንም፣ ውሃውም ወደ መሃል ያሉትን ፋይበሮች በእኩል አያገኛቸውም። ላዮሴል ከላቦራቶሪ ወደ ገበያ ለመድረስ ረጅም ዓመታት የወሰደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጥናቱ በተስፋ ሲደመድም ይህን ርቀት አጭር ያስመስላል፤ ልምድ ያለው አንባቢ ግን ርቀቱን በራሱ ማከል አለበት።

ይሁን እንጂ ይህን ሥራ ከኋላው በተከተለው መመዘን ፍትሐዊ ነው። የዚያው ቡድን አባላት እ.ኤ.አ. በ2016 ያገለገለ የጥጥ ጨርቅን በዚሁ አሟሚ አሟሙተው እስከ 58 ሴንቲኒውተን በቴክስ የሚቋቋም አዲስ ፋይበር አወጡ። ይህ ከመጀመሪያው የጥጥ ፋይበር ይበልጣል። ጨርቅን በመቦጨቅ መልሶ መፍተል ፋይበሩን ያሳጥረዋል፣ ያደክመዋል፤ ይህ ኬሚካዊ መንገድ ግን አሮጌውን ከአዲሱ የተሻለ አድርጎ ይመልሳል። ሐሳቡ በዚያው ዓመት የኤችኤንድኤም ፋውንዴሽን የመጀመሪያውን «ግሎባል ቼንጅ አዋርድ» ከተቀበሉት አንዱ ሆነ። ቆየት ብሎም አሟሚው ጥጥን አሟሙቶ ፖሊስተርን ሳይነካ እንደሚተው፣ አንዳንድ ቀለሞችም ከሴሉሎሱ ጋር አብረው ወደ አዲሱ ፋይበር እንደሚሻገሩ ታየ። በቅልቅል ጨርቅ ለተሞላው የዛሬ ገበያ ይህ ከጥንካሬው ሪከርድ በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግነው ደግሞ ቡድኑ የራሱን አሟሚ ከመጠየቅ አለመቦዘኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሥራ ዲቢኤን አሲቴትን ኤምቲቢዲ ከተባለ ሌላ ቤዝ ከተሠራ አሲቴት ጋር አነጻጽሮ ሁለተኛው የውሃን ጥቃት በተሻለ እንደሚቋቋም አሳየ። የ2015ቱ ጥናት ያልመለሰውን ጥያቄ የመለሱት ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ሥራ ሩቅ አይደለም። በጥናቱ ጥቅም ላይ ከዋለው ፐልፕ (ከእንጨት የተለየ ሴሉሎስ) መካከል ከብራዚል የመጣ የባሕር ዛፍ ፐልፕ ይገኝበታል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከአገራችን መልክዓ ምድር ጋር ተላምዷል። በዚህ ተነሥቶ «እኛም ነገ ከጓሯችን ጨርቅ እናወጣለን» ማለት ግን ጥድፊያ ነው። የብራዚሉ ዝርያ ሌላ ነው፣ እርሻው ሌላ ነው፤ በመሃልም የሚሟሟ ፐልፕ የሚያወጣ ትልቅና ውድ ፋብሪካ አለ። ይልቅ ቅርብ የሆነው የጨርቅ ቁርጥራጩ ይመስለኛል። በኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን ከመቀስ ሥር የሚወድቀው የጥጥ ቁርጥራጭ ንጹሕ፣ ያልተለበሰ፣ ዓይነቱ የሚታወቅ ጥሬ ዕቃ ነው። በ2016ቱ ጥናት ለታየው መንገድም ተስማሚ ግብዓት ነው። በባሕር ዳሩ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ለሚማር ወጣት ኢንጂነር ከዚህ የተሻለ የምርምር ጥያቄ ማሰብ ይከብደኛል፤ ከባዱ ክፍልም አሟሚውን የማስመለስ ሥራ እንደሆነ ከወዲሁ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። «አዮንሴል-ኤፍ» በፈሳሹ ጠባይና በፋይበሩ ጥንካሬ መካከል ያለውን ግንኙነት በግልጽ ያሳየ፣ ከሞለኪውል እስከ ልብስ የሄደ፣ ተማሪ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ሥራ ነው። ነገር ግን ብቻውን መነበብ የለበትም፤ የመልሶ አሰባሰብ ጥናቶቹ ከጎኑ ሊቀመጡ ይገባል። ከእንግዲህ በዚህ ዘርፍ የሚወጣ ማንኛውም ሥራ ከፋይበሩ ጥንካሬ ሰንጠረዥ አጠገብ ሌላ ሰንጠረዥ እንዲያቀርብ መጠየቅ አለብን፦ ስንት ኪሎ አሟሚ ገባ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንቱ ተሰበረ፣ ውሃውን ለማትነን ስንት ኃይል ወጣ፣ ይህስ ከአሥርና ከሃያ ዑደት በኋላ ምን ያህል ተለወጠ? ቪስኮስ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ጨርቁ ስላማረ፣ የሂደቱን ዋጋ የጠየቀው ግን ጥቂት ሰው ብቻ ስለነበረ ነው። አዲሱን ፋይበር የምንወድ ሰዎች ይህን ጥያቄ ከፋብሪካው በፊት ብንጠይቅ ለፋይበሩም ለሠራተኛውም የሚበጅ ውለታ እንውላለን።